የወንዛዬ ዘመዶች

በፎገራ ሜዳ ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው አገኘሁሽ ቤት ነበር። ማን ከማን እንደተወለደ፣ የማን አያት ከየት መጥቶ ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ቤት ከየትኛው ቤት ጋር ስንተኛው አያት ላይ እንደሚገናኝ እሷ ስትናገር ቄሱም ሽማግሌውም ዝም ብሎ ይሰማል። ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት በሃይማኖትም በአገር ወግም ነውር ነውና፣ «አገኘሁሽ ቆጥራዋለች» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ወይ ጠላው ይጠነሰሳል፣ ወይ ልጅቱ አልቅሳ ትቀራለች። ሴትዮዋም ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። የሌላውን ቆጥራ ስትጨርስ ማንም ሳይጠይቃት ወደ ራሷ ትዞራለች። «የእኛ ቤት ግን፣» ትላለች ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች፣ «ከጥንት ጀምሮ ቀጥቃጭ ያልደረሰበት፣ ሸክላ ሠሪ ያልረገጠው ቤት ነው።»

እሰይ! የሸክላ ሠሪዋ የትሩፋት ልጅ ሽማግሌ የላከው እንግዲህ እንዲህ ባለችው ሴት ደጅ ላይ ነው።

ትሩፋት ከወንዛዬ፣ ከፍል ውሃው አጠገብ መጥታ ወረታ የተቀመጠች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ድስትና እንስራ የምትሸጥ ባልቴት ናት። ልጇ ሰውመሆን የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ላይ ብየዳ ቤት አለው፤ የብረት በር ይሠራል፣ የውሃ ሞተር ይጠግናል። አገኘሁሽ አሳምራ ታውቀዋለች። ካቻምና ሽንኩርቷ ሊደርቅባት ሲል፣ ከጉማራ ወንዝ ውሃ የሚስበው ሞተር ተበላሽቶባት፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ የጠገነላት እሱ ነው። ሲጠማው ውሃ የሰጠችው ዶሮ በሚጠጣበት የቲማቲም ጣሳ ነበር። እጁ እጇን እንዳይነካው ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ «እዚያ አለልህ» አለችው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነሳና ጠጣ። ይህን ያየችው ልጇ መስከረም ግን ተናዳ ቤት ገባች፣ እንግዳ የሚጠጣበትን ብርጭቆ ሞልታ አመጣች፣ በእጁም ሰጠችው። ነገሩ የተጀመረው ያኔ ነው። እናቲቱ በዚያች ጣሳ ልጇን ራሷ አጨቻት ቢባል ውሸት አይሆንም።

አምና ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። የመሯቸው አያ ደጉ ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ ተቀመጡ እስኪባሉ ቆመው ጠበቁ። በአገኘሁሽ በኩል የንስሐ አባቷ ቄስ ዓለምነህ ተጠርተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የቄሱ ልጅ ይርጋለም ለአገኘሁሽ ልጅ ለደረሰ ታጭታለች፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፤ ስለዚህ ቄሱ ከንስሐ አባትም አልፈው የቤቱ ሰው ሊሆኑ ነው። ባሏ ባየህ ከሞተ ወዲህ አገኘሁሽ በሕይወቷ የቀራት ደስታ ይኸው ነው፤ ልጇ የቄስ ልጅ ሲያገባ ማየት።

«ልጁ አይጠጣ፣ አይሳደብ፣ እጁ ወርቅ ነው፣» አሉ አያ ደጉ። «ምን ጎደለው ትያለሽ አገኘሁሽ?»

የጎደለውን ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። ግን በምን አፏ ትናገረው! ቄስ ዓለምነህ ገና ባለፈው እሑድ፣ «በእግዚአብሔር ፊት ቀጥቃጭና ገበሬ የሚባል የለም፤ ቡዳ እያላችሁ ሰው የምታርቁ ወዮላችሁ!» ብለው ሰብከዋል፤ እሷም ከሴቶቹ ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አሜን» ብላለች። በደፈናው እምቢ እንዳትል ደግሞ መስከረም ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ልጅቱ «ከከለከልሽኝ በእግሬ እሄድለታለሁ» ብላታለች። ትሄዳለችም፤ ግትርነቱን ከማን ወረሰችውና! አገኘሁሽ ቢጨንቃት ወደ ቄሱ አየች፣ ወደ አያ ደጉ አየች። ልጆቹ የማይደፍሩት፣ ቄሱም የማይሽሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ዘመዳሞች ናቸው፣» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዘመዳሞች ናቸው አልኩ። ተሸፍኖ የኖረ ነውር ነው፤ ዛሬ ግድ ብላችሁ አስወጣችሁኝ። ቅድመ አያቴ በላቸው ቁርጥማት ይዞት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዶ ከርሞ ነበር። እዚያ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ወለደ። የትሩፋት ዘር የሚመዘዘው ከዚያ ነው። ሰባት ቤት የት ሞልቶ ነው የምታጋቧቸው?»

ወይ ድፍረት! በላቸው ወንዛዬን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ሰውየው እንኳን ቁርጥማት ጉንፋንም አያውቀው ነበር። ግን ማን ይከራከራታል? በዘር ነገር የሚጠየቀው ሰው እሷው ናት።

መስከረም ከጓዳ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እማ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነውር ማን ይናገራል?» አለች አገኘሁሽ፤ ልጇን ግን ቀና ብላ አላየቻትም።

ያለ መሐላ አይሆንም ተባለና በሚቀጥለው እሑድ ሚካኤል ቅጽር ውስጥ ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አገኘሁሽ ሳምንቱን ሙሉ ከውሸቷ ልትመለስ ትችል ነበር፤ አልተመለሰችም። «ዋሽቼ እንደሆነ ሚካኤል ቤቴን ይበትነው!» ብላ ማለች፤ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ቄስ ዓለምነህ ወደ ትሩፋት ዞሩ። «አንቺስ? የቅድመ አያትሽን ስም ታውቂዋለሽ?»

ትሩፋት አገኘሁሽን ትክ ብላ አየቻት። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ገጠመችው። ልጇ ሰውመሆን አጠገቧ ቆሟል፤ ዓይኑ እናቱ አፍ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ብትናገር የሚተርፍ ሰው ይመስላል።

«አላውቅም አባቴ፣» አለች በመጨረሻ። «እሜቴ ካሉ እንግዲህ ዘመድ ነን።»

ሰውመሆን መሬት መሬት እያየ ሄደ። መስከረም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቷ ጋር ከ«እሺ» እና ከ«እምቢ» በቀር ቃል አልተለዋወጠችም። አገኘሁሽ ግን ቤቷ ገብታ «እፎይ!» አለች፤ እንደዚያን ቀን እህል ጣፍጧት አያውቅም። ምስኪን! ተገላገልኩ ብላለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረታ ገበያ ወጣች። በሸክላ ተራ ማለፍ ግድ ነበር። ትሩፋት ድሮ ስታያት ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «እሜቴ፣ ድስት አይገዙኝም?» ነበር የምትለው። ያን ቀን አልተነሳችም።

«አገኘሁሽ! እህቴ! ምነው፣ ሳትስሚኝ ልታልፊ ነው?»

ገበያተኛው ሁሉ ዞረ። አገኘሁሽ ደሟ ፈላ። «አንቺ! ማንን ነው አንቺ የምትይው?»

«ዘመድ ተሆኖ አንቱታ ምን ያደርጋል?» አለች ትሩፋት። አሁን ተነሳች፤ ጭቃ በደረቀበት እጇ አገኘሁሽን አንገቷን ይዛ ጉንጯን እያገላበጠች ሳመቻት። ከተራው ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ሁሉ «እትዬ አገኘሁሽ! እትዬ!» እያሉ ለሰላምታ ተነሱ። ምን ትበል? ዘመዶቼ አይደሉም እንዳትል በሚካኤል ምላለች። ሽንኩርቷን ሳትሸጥ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ መንገዱን ሙሉ ጉንጯን በነጠላዋ ስትፈትግ ያዩዋት አሉ።

ይህ ገና መጀመሪያው ነበር። በነሐሴ የባየህ ሙት ዓመት ደረሰ፣ ድንኳን ተተከለ፣ የአገሩ ሰው ተጠራ። ቄሶቹ ፍትሐቱን ጨርሰው ሰው ሊበላ ሲቀመጥ፣ ከመንገድ ማዶ ለቅሶ ተሰማ። ትሩፋት ናት! ከወንዛዬ ከአንበሳሜ ዘመዶቿን ጠርታ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ ወንዶቹ ጠላ የሞላ ጋን በወሳንሳ ተሸክመው «ወይ የእህቴ ባል! ወይ የእህቴ ባል!» እያለች መጣች። ደግሞ እንዴት እንደምታለቅስበት! ሞቱን ትናንት የሰማች ነው የምትመስለው። ገብታም ከእንግዳው ጋር አልተቀመጠችም፤ ከቤተ ዘመዱ መሀል፣ ከአገኘሁሽ ጎን ሄዳ ተቀመጠች።

ያመጡት ጠላ ሲቀዳ ጎረቤቶቹ ዋንጫቸውን በእጃቸው ከደኑ። አንዱ «ጾም ነኝ» አለ፣ ሌላው «ሆዴን አሞኛል» አለ። አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ይዘው አንድ በአንድ ወጡ። አገኘሁሽ ያልተነካውን ወጥ እያየች፣ «እናንተዬ፣ ምነው? አልበላችሁም እኮ!» እያለች እስከ በር ተከተለቻቸው። እስከ ትናንት እሷ ራሷ ስታደርገው የኖረችው ነገር ነው፤ በራስ ላይ ሲደርስ እንዲህ እንደሚያቃጥል አላወቀችም ነበር።

«ተያቸው እህቴ፣» አለቻት ትሩፋት፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። «እኛ አለንልሽ።»

ከመስቀል በኋላ ቄስ ዓለምነህ መጡ። ግቢ ገብ ብለው ቆሙ፤ ቁጭ በሉ ብትላቸው አልቀመጥ አሉ።

«የደረሰና የይርጋለም ነገር ይቅር፣» አሉ።

«ምን አሉ አባቴ? ምን አጠፋን?»

«አጠፋሽ አላልኩም። ዘራችሁን እስከ በላቸው ድረስ አንቺው ነሽ የቆጠርሽልን። ከወንዛዬዎቹ ጋር አንድ ደም ከሆናችሁ ልጄን ምን ብዬ እሰጣለሁ?»

«አባቴ፣ የበላቸው ልጅ ነው የተቀላቀለ እንጂ እኛ አይደለንም እኮ! ደግሞስ ቀጥቃጭና ገበሬ የለም ብለው የሰበኩ እርስዎ አይደሉም?»

«እሱማ ስብከት ነው አገኘሁሽ፣» አሉ ቄሱ፣ የሚያፍሩ ሰው ሳይመስሉ። መስቀላቸውን እንኳ ሳያሳልሟት ሄዱ። አፉ ሌላ ልቡ ሌላ በሆነ ሰው ላይ እግዚአብሔር ይፍረድበት ያሰኛል!

ደረሰ ይህን ሲሰማ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ጥሎ መጣ። ይርጋለምን ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የሚወዳት። እናቱ ፊቱን ስታይ አልቻለችም፤ እጁን ይዛ ጓዳ አስገባችውና እውነቱን ነገረችው። «ውሸቴን ነው ልጄ። በላቸው ወንዛዬ አልሄደም። እህትህን ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ላስጥላት ብዬ ነው።»

ልጁ እጁን ነጥቆ ወደ ኋላ አለ። «በሚካኤል ምለሽ?»

«ለእናንተው ብዬ! ለቤቱ ክብር ብዬ!»

«የቱ ቤት? መስከረም አታናግርሽ፣ እኔ እጮኛዬን ተነጠቅሁ። ቤቱ ማን ነው? አንቺና ግድግዳው? እሑድ ሰንበቴ ላይ ቁመሽ ዋሽቻለሁ ካላልሽ፣ እናት አለኝ አልልም።»

አገኘሁሽ ያን ሳምንት እንደ ቁም እስረኛ ከረመች። ዋሽቻለሁ ብትል በሐሰት የማለች ተብላ ከቁርባን ትታገዳለች፣ ዘር ቆጣሪነቷም ያበቃል፣ መስከረምም ሰውመሆንን ታገባለች። ዝም ብትል ደረሰ ይሄዳል። አንዱን መምረጥ ነበረባት፤ ልጇን መረጠች። ለዚህ ያህል እንኳ ትመስገን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ተሰብስቦ ዳቦ ሲቆረስ ብድግ አለች።

«ወገኖቼ፣ ዋሽቻለሁ። በላቸው ከወንዛዬ ሴት አልወለደም። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ፤ ልጄን ለሸክላ ሠሪ ላለመስጠት ነው የፈጠርሁት።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከወንዶቹ በኩል አንዱ ሳቀ። አያ ደጉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተይ አገኘሁሽ፣ ተይ። ሰው የሚዋሸው ክብር ሲፈልግ ነው። ማን ነው ቀጥቃጭ ዘመዴ ነው ብሎ በሐሰት የሚምል? ያኔ ነው እውነቱ ያመለጠሽ፤ አሁን የቄሱን ልጅ ስትነፈጊ ልትሽሪው ነው።»

«በሚካኤል እላችኋለሁ! ፈጥሬ ነው!»

«በየትኛው ሚካኤል?» አለች አንዲት ድምፅ ከሴቶቹ መሀል። መስከረም ነበረች። ከወራት በኋላ እናቷን መጀመሪያ ያናገረቻት በዚህ ቃል ነው። «ያንንም በሚካኤል ነው የማልሽው፣ ይህንንም በሚካኤል። የትኛውን ይዤ ነው ሰውመሆንን ላግባው? ወንድሜ ቢሆንስ? ወንድሜ ባይሆንስ?» እያለቀሰች ቁጭ አለች።

ያኔ ትሩፋት ተነሳች። ዘመድ ከሆነች ወዲህ ሰንበቴው ውስጥ ገብታለች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ፤ አገኘሁሽም ዞረች፤ በሕይወቷ ሸክላ ሠሪ የለመነችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም በዓይኗ።

«እህቴን አታዋርዱብኝ፣» አለች ትሩፋት። «ጭንቅ ነው እንዲህ የሚያስለፈልፋት። እኛ ተቀይመናት አናውቅም።»

በቃ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። መስከረም በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ሄደች፤ የት እንደገባች ለእናቷ አልነገረችም። ደረሰ ልብሱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ወደ መተማ ወረደ። ይርጋለም ለሌላ ታጨች። ሰውመሆን ብየዳ ቤቱን ዘግቶ ጠፋ፤ ጎንደር ነው የሚሉ አሉ፣ አዲስ አበባ ነው የሚሉም አሉ። አገኘሁሽ ባዶ ቤት ውስጥ ቀረች።

ኅዳር ገባ፤ ሩዙ ደረሰ። ዘንድሮ ደግሞ ያለ ወቅቱ ደመና አንዣበበ፤ ከጣና በኩል የሚመጣው ዝናብ ካገኘው የቆመው ሩዝ ሁሉ ተኝቶ ጭቃ ውስጥ ይበሰብሳል። አገኘሁሽ ለደቦ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ጠላ ጠመቀች፣ ዳቦ ጋገረች፣ ጠዋት በር ላይ ቆማ ጠበቀች። አንድም ሰው አልመጣም። እሷ ቤት የተጠመቀ ጠላ ማን ይጠጣል?

ፀሐይ ከፍ ስትል ከወረታ መንገድ ሰዎች ብቅ አሉ። ማጭድ ይዘዋል። ትሩፋት ከፊት ናት።

«ከየትኛው ዳር እንጀምር እህቴ?»

አገኘሁሽ ደመናውን አየች፣ ሩዙን አየች። ጣቷን ወደ ወንዙ ዳር ቀሰረች። የወንዛዬ ሰዎች ተሰልፈው ማጨድ ጀመሩ። እጃቸው እንዴት ይፈጥናል! ደግሞ ይዘፍናሉ፤ «የእህታችን ሩዝ» እያሉ ነበር የሚዘፍኑት። አገኘሁሽ ነዶ እያሰረች ሳለ ትሩፋት መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ቅድመ አያቴ መባ ይባላል፣» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደብረ ታቦር የነበረ ቀጥቃጭ ነው። አባቱ ደግሞ ማረው። ከዚያም በላይ እስከ ሰባት ቤት ልቁጠርልሽ? እኛም እኮ እንቆጥራለን፤ ማን ጠይቆን!»

አገኘሁሽ ነዶው ከእጇ ወደቀ። «ታውቂ ነበር?»

«ዋርካው ሥር ከማልሽበት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን? ልጅሽ እኮ አብሮ ተቃጠለ! የእኔን ጨርሰሽ የራስሽንም…»

«ልጄ ሞተርሽን ሠርቶ የመጣ ዕለት በየትኛው ጣሳ እንዳጠጣሽው ነግሮኛል። እየሳቀ ነው የነገረኝ። መሳቁ ነው ያንገበገበኝ። አማችሽ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ከዚያ ጣሳ ሲጠጣ ከማይ፣ ተለይቶኝ ቢሄድ ይሻለኛል አልኩ። ይቅር ይበለኝ፤ ክፉ ነኝ። አንቺ ግን ዕድሜ ልክሽን እህቴ ነሽ።»

አገኘሁሽ ተነስታ ጮኸች። «ሰማችሁ? ሰምታችኋል? ታውቅ ነበር! ራሷ ነገረችኝ! ዘመዳሞች አይደለንም!»

አጫጆቹ ቀና አሉ። አንድ ሽማግሌ በሐዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። «አይዞሽ እህታችን፣ የልጆችሽ ነገር ነው እንዲህ ያደረገሽ፣» አላትና ወደ ማጭዱ ተመለሰ።

«ሰዉ ጠምቶታል፣» አለች ትሩፋት። «ውሃ አምጪልን። በብርጭቆው።»

አገኘሁሽ ወደ ቤት ሄደች። ጣሳው እንደ ወትሮው በሩ ላይ ነበር፤ ዶሮዎቹ እየጠጡበት ነው። አልፋው ገባች፣ እንግዳ የሚጠጣበትን ብርጭቆ አነሳች፣ ከእንስራው ቀዳች። ትሩፋት ተቀብላት ግማሹን ጠጣችና መለሰችላት።

«ጠጪ እንጂ እህቴ፣ አንቺም እኮ ስትሠሪ ነው የዋልሽው።»

አጫጆቹ ሁሉ ማጭዳቸውን አቁመው ያያሉ። ደመናው ወደ ሜዳው እየቀረበ ነው፤ የሩዙ ገሚስ ገና አልታጨደም። አገኘሁሽ ብርጭቆውን አፏ ላይ አደረገችና ጠጣችው።